«እኛ» ሲሉ እነማንን ነው? የዩክሬን ፖለቲከኞች በቴሌቪዥን ስለ ማንነታቸው ሲያወሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፤ «የጋዜጠኝነት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያዬን በዩክሬን የቴሌቪዥን ክርክሮች ላይ ለመሥራት አስቤ የቆዩ ፕሮግራሞችን በዩቲዩብ እያየሁ ነው። ሁሉም ‹እኛ አውሮፓውያን ነን› ይላል። ግን አንዱ በሩሲያኛ ይናገራል፣ አጠገቡ ያለው በዩክሬንኛ ይመልስለታል፤ አስተርጓሚ የለም፣ የሚገረምም የለም። አውሮፓ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ከልባቸው ነው ወይስ የምርጫ ወሬ? በየት በኩል ልግባበት?»

ከልብ ነው ወይስ ወሬ የሚለውን ለጊዜው ይተዉት። የፖለቲከኛን ልብ በስክሪን አይቶ ያወቀ የለም፤ ፈታኞችዎም አይቀበሉዎትም። የሚያዋጣዎት ጥያቄ «ይህ ሰው ‹እኛ› ሲል እነማንን አስገባ፣ እነማንን አስወጣ?» የሚለው ነው። «አውሮፓ» የሚለው ቃል በዩክሬን ቴሌቪዥን ሲነሳ ስለ ብራስልስ የሚወራው ጥቂት ነው። የሚወራው ስለ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለ ጉቦኛው ዳኛ፣ ስለ ተቦዳደሰው መንገድ፣ ስለ ጡረታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ሞስኮ። «ወደ አውሮፓ» የሚል ሰው ከማን መራቅ እንደፈለገም አብሮ ተናግሯል። (ዓመታቱንም ወራቱንና ቀኖቹንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ነገሩን ያስረዳልኛል። ኪየቭ የተማርኩት ሶቪየት ኅብረት ሊፈርስ አካባቢ ነው። እንደ ሌላው ሐበሻ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ስማር ከረምኩ፤ ቋንቋው ሩሲያኛ ነበር። ዩክሬንኛን የለቀምኩት ከገጠር ወተትና ድንች ይዘው ገበያ ከሚወጡ አሮጊቶች ነው። አገር ቤት ተመልሼ «የት ነው የተማርከው?» ስባል ለዓመታት «ራሺያ» እል ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው፤ ካርኮቭ የተማረውም፣ ኦዴሳ የተማረውም «ራሺያ የተማረ» ነው። አንድ ቀን የድሮ የዶርም ጓደኛዬ በስልክ ይህን ስል ሰማኝና «ኪየቭ ራሺያ ከሆነች እኔ ማን ነኝ?» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አሁንም «ኪየቭ» ብዬ የምጽፈው በልማድ ነው እንጂ ይህ የሩሲያኛው አጠራር ነው፤ እነሱ «ክዪቭ» ነው የሚሉት።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አፓርታማውን ያሳደሰ ዩክሬናዊ «ዬቭሮሬሞንት» አስደረግሁ ይላል፤ «የአውሮፓ እድሳት» ማለት ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ የማያንጠባጥብ ቧንቧ፣ አዲስ መስኮት ማለት ነው። ቀረጥ ሳይከፈልባቸው በአውሮፓ ታርጋ የሚነዱ ያገለገሉ መኪኖች ደግሞ «ዬቭሮብሊያኺ» ይባላሉ። ያለ ቪዛ መግባት «ቤዝቪዝ» ነው። ይህንን ሳያውቁ የትርጉም ጽሑፉን ብቻ ካነበቡ «የአውሮፓ ደረጃ»፣ «የአውሮፓ እሴቶች» የሚሉት ሐረጎች ባዶ ዲስኩር ይመስሉዎታል። ለአድማጩ ባዶ አይደሉም። ሊፍቱ ይሠራል ማለት ነው፣ ሐኪሙ እጅ መንሻ አይጠይቅም ማለት ነው። ፖለቲከኛውም ይህን ያውቃል፤ ትልቁን ቃል የሚወረውረው ትንሹ ትርጉም እንደሚከተለው ተማምኖ ነው።

ወደ ኋላ ሄደን እንጀምር። ዩክሬን ታኅሣሥ 1 ቀን 1991 በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ስትመርጥ ከ90 በመቶ በላይ ሰው ደግፏል። ነጻ ሆነን የማን ወገን ነን የሚለው ግን አልተቆረጠም። ከ1994 እስከ 2005 ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌኦኒድ ኩችማ ፖሊሲያቸውን «ባለ ብዙ አቅጣጫ» ይሉት ነበር፤ ለሞስኮም ለብራስልስም ለዋሽንግተንም ፈገግ ማለት ነው። «ወደ አውሮፓ ከሩሲያ ጋር» የሚል አባባልም በዚያ ዘመን ይሰማ ነበር። ኩችማ በ2003 «ዩክሬን ሩሲያ አይደለችም» የሚል መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ በሩሲያኛ ነበር፤ ያስመረቁትም ሞስኮ ላይ ነው። ይህን እንደ ቀልድ አይዩት። «አይደለንም» የሚለው ቃል ገና «ነን» የሚለውን አላገኘም ነበር፤ የሚነገረውም ለጎረቤቱ በጎረቤቱ ቋንቋ ነው።

የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በራሱ አፍ አይናገርም ነበር። ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ለጣቢያዎቹ «ቴምኒኪ» የሚባሉ ስውር መመሪያዎች ይሄዱ ነበር፤ የትኛው ዜና ይነበብ፣ የትኛው ይታለፍ የሚሉ። መሰበሪያው ኅዳር 25 ቀን 2004 መጣ። በመንግሥት ጣቢያ ዜናው ሲነበብ ከስክሪኑ ጥግ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ናታሊያ ድሚትሩክ የሚነበበውን ትታ ለመስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የምርጫው ውጤት ተጭበርብሯል፣ አትመኑ ብላ በእጇ ነገረቻቸው። ዋናው ድምፅ አንድ ነገር ይላል፣ የጥጉ እጅ ሌላ። ለመመረቂያዎ መግቢያ የምመርጥልዎ ምስል ይህ ነው። የተጭበረበረውን ምርጫ በመቃወም ሕዝቡ አደባባይ ከወጣበት ከብርቱካናማው አብዮት በኋላ ቪክቶር ዩሽቼንኮ በጥር 2005 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ቦታችን የአውሮፓ ኅብረት ነው አሉ፤ ያለ «ከሩሲያ ጋር»።

እርስዎ የሚያዩዋቸው ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህ በኋላ የመጡ መሆን አለባቸው። የአርብ ማታ ክርክር ወርቃማ ዘመን ነው። ሳቪክ ሹስተር የሊትዌኒያዋ ቪልኒየስ የተወለደ ጋዜጠኛ ነው፤ ሞስኮ ላይ የነበረው ፕሮግራም በ2004 ሲዘጋበት ኪየቭ መጥቶ በ2005 ጀመረ። ስቱዲዮው ውስጥ አገሪቱን ይወክላሉ የተባሉ 100 ሰዎች መቆጣጠሪያ ይዘው ይቀመጣሉ። ፖለቲከኛው ሲናገር የወደዱትና የጠሉት በመስመር ይሳላል፤ መስመሩ ከፊቱ ሥር ይወጣል ይወርዳል። አንዱ «ኔቶ» ሲል መስመሩ ይዘቀዝቃል። «ጡረታ» ብሎ ያቀናዋል። ጎበዙ ተናጋሪ አረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ሲያጥፈው ያዩታል፤ «የአውሮፓ ምርጫችን» ብሎ የጀመረው «...ማለትም የሕዝባችን ኑሮ» ብሎ ይጨርሳል። ማንነት ማለት በዚያ ስቱዲዮ ከሴኮንድ ሴኮንድ የሚደራደሩበት ነገር ነበር። ጽሑፉን ብቻ ገልብጠው መስመሩን ካላዩ ግማሹ አመለጠዎት።

ቋንቋው ደግሞ እንዳሉት ነው። አወያዩ በሩሲያኛ ይጠይቃል፣ እንግዳው በዩክሬንኛ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይግባባሉ፣ ማንም ለማንም አይለውጥም። እዚህ ላይ ብዙ የውጭ ተመራማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ ሩሲያኛ የተናገረ ሁሉ የሩሲያ ወገን ነው ብሎ መቁጠር። ስሕተት ነው። ለኔቶ የሚሟገት ሰው በሩሲያኛ ሲሟገት ሰምቻለሁ፤ ለሞስኮ የሚያዳላም ሥልጣን ላይ ሲሆን በዩክሬንኛ ይጀምራል። ቋንቋው የሚናገረው ከይዘቱ ይልቅ ከለውጡ ነው። መቼ ቀየረ? ለማን ሲል ቀየረ? ሲቆጣ ወደየትኛው ሸሸ?

ከ2010 እስከ 2014 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሚኮላ አዛሮቭ የዚህ ሁሉ ማሳያ ናቸው። የተወለዱት ሩሲያ ውስጥ ካሉጋ ነው። ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ዩክሬንኛ ለመናገር ይሞክሩ ነበር። በብዙ ቃላት ሩሲያኛው «ኦ» የሚልበትን ዩክሬንኛው «ኢ» ይለዋል፤ ድመት በሩሲያኛ «ኮት»፣ በዩክሬንኛ «ኪት» ናት። እሳቸው ይህችን ደንብ ያዙና ያገኙትን «ኦ» ሁሉ «ኢ» ማድረግ ጀመሩ። «ደም መጣጮች» ለማለት «ክሮቮሲሲ» አሉ፤ እንዲህ ያለ ቃል በሁለቱም ቋንቋ የለም። ሕዝቡ እሳቸውንም «አዚሮቭ»፣ ቋንቋቸውንም «አዚሪቭካ» ብሎ ጠራው። ሳቁ ግን የሰዋስው ሳቅ ብቻ አልነበረም። ቋንቋችንን እንደ ቀረጥ የሚከፍል ሰው «እኛ» ሲል አናምነውም ማለት ነው።

ከቋንቋው ያነሰች፣ ግን ይበልጥ የምታጋልጥ አንዲት መስተዋድድ አለች። በሩሲያኛ ስለ አገር ሲወራ «ቭ» ይባላል፤ «ውስጥ» እንደማለት ነው። ስለ ደሴት፣ ስለ ጠረፍ፣ ስለ አንዳንድ ክፍለ አገር ሲወራ ደግሞ «ና»፤ «ላይ» እንደማለት። ለዩክሬን ሩሲያኛው በልማድ «ና» ይጠቀም ነበር። በእኛ አማርኛ «ናዝሬት ላይ» ብንል ማንም አይቀየምም፤ እዚያ ግን «ና ኡክራይኔ» ያለ ሰው «ክፍለ አገር ናት» እንዳለ ይቆጠራል። በ1993 የዩክሬን መንግሥት ሞስኮን «ቭ» በሉ ብሎ እስከመጠየቅ ደርሷል። የሚገርመው ብሔራዊው ባለቅኔ ታራስ ሼቭቼንኮ ራሱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ና» ብሎ ጽፏል፤ ክርክሩ የሰዋስው ቢሆን ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን የክርክሮቹን ግልባጭ ይዘው «ና» እና «ቭ»ን ይቁጠሩ። ሩሲያኛ በሚናገሩት መካከል ሳይቀር ማን የትኛውን እንደሚል ሲያዩ መልካም ምዕራፍ ይወጣዎታል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይቀላቀልብዎት፤ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ቴሌቪዥን ላይ አውሮፓና ኔቶ አንድ አልነበሩም። አውሮፓ ኑሮ ነው፣ ኔቶ ጦርነት። በጥር 2008 ፕሬዚዳንት ዩሽቼንኮ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዩሊያ ቲሞሼንኮና አፈ ጉባኤ አርሴኒ ያትሴንዩክ ወደ ኔቶ የሚያስገባውን የመሰናዶ ዕቅድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። የተቃዋሚው የክልሎች ፓርቲ እንደራሴዎች የፓርላማውን አዳራሽ «ኔቶ አይሆንም» በሚሉ ፊኛዎች ሞልተው ሥራውን ለሳምንታት አገዱት። በቴሌቪዥን ሲታይ የልደት ድግስ ይመስል ነበር። የዚያው ፓርቲ ሰዎች ግን አውሮፓን አልተቃወሙም፤ በ2010 አገሪቱ ከየትኛውም ወታደራዊ ጎራ ውጪ ናት የሚል ሕግ ሲያወጡም «ድልድይ ነን» ይሉ ነበር። ድልድይ የሚለውን ዘይቤ ይያዙልኝ። ድልድይ ላይ ሰው ያልፍበታል እንጂ አይኖርበትም፤ ተቃዋሚዎቻቸውም የመለሱላቸው ይህንኑ ነው።

ኅዳር 21 ቀን 2013 መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሊፈረም የነበረውን የአጋርነት ስምምነት ዝግጅት አቆምኩ አለ። ከሳምንት በኋላ ቪልኒየስ በተደረገው ጉባኤ የክልሎች ፓርቲው ሰው ፕሬዚዳንት ያኑኮቪች ከጀርመኗ መሪ ከአንጌላ ሜርክል ጋር ቆመው ሲያወሩ የተቀረጸ ቪዲዮ ወጣ። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ እኩል ባልሆነ ሁኔታ ከጠንካራዋ ሩሲያ ጋር ብቻዬን ነበርኩ ይላሉ። ልብ ይበሉ፤ በአደባባይ «እኛ» እያሉ የከረሙት ሰው የተዘጋ በር ውስጥ ነኝ ብለው ሲያስቡ «እኔ» ሆኑ። ውጪ ደግሞ ሕዝቡ የአውሮፓ ባንዲራ ይዞ አደባባይ ወጥቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር አዛሮቭ ለደጋፊዎቻቸው ሰልፍ ሲናገሩ ያለ ቪዛ መግባት ከፈለግን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን መፍቀድ አለብን አሉ። ሐሰት ነበር። ግን ያደረጉትን ይመልከቱ፤ የሊፍቱንና የቧንቧውን አውሮፓ ወስደው በአልጋው አውሮፓ ለመተካት ነው የሞከሩት።

ያኑኮቪች ከወረዱ በኋላ ከ2014 እስከ 2019 ፕሬዚዳንት በነበሩት በፔትሮ ፖሮሼንኮ ዘመን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዘይቤው ከድልድይ ወደ በር የተለወጠው በሳቸው ጊዜ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2014 የስምምነቱን ቀሪ ክፍል የፈረሙበት ብዕር ላይ የቪልኒየሱ ጉባኤ ቀን፣ ኅዳር 2013፣ ተቀርጾበት ነበር፤ ያኔ ሊፈረምበት የነበረ ብዕር ነው። ቤዝቪዝ ሰኔ 11 ቀን 2017 ሲጀምር ደግሞ ኡዥሆሮድ አጠገብ ባለው የስሎቫኪያ ድንበር ላይ በሜዳ መሐል በር አቁመው ከስሎቫኪያው ፕሬዚዳንት ጋር ከፈቱት። ግድግዳ የሌለው በር። በዚያው ሰሞን «ያልታጠብሽ ሩሲያ ደኅና ሁኚ» የሚለውን የለርሞንቶቭን ስንኝ ጠቀሱ፤ ሩሲያዊ ባለቅኔ፣ በሩሲያኛ። ሩሲያን የሚሰናበቱት አሁንም በሩሲያ ቃል ነው።

ታሪክም ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። በግንቦት 2017 ፑቲን ቬርሳይ ላይ ሆነው በ1051 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለአንሪ ቀዳማዊ የተዳረችውን የኪየቭ ልዕልት አናን «ሩሲያዊት» ብለው ጠሩ። ፖሮሼንኮ አናን ሊሰርቁን ነው ብለው ተነሡ። ንግሥተ ሳባ የኛ ናት የየመን ሲባል የኖርን ሰዎች ይህ ጠብ ለምን እንደሚያንገበግብ ማስረዳት አያስፈልገንም። የአናን አባት፣ የኪየቩን መስፍን ያሮስላቭን የያዘ «ድሮም አውሮፓ ነበርን፤ የምንመለሰው ወደ ቤታችን ነው» ይላል። ካርፓቲያ ተራራ ውስጥ ዲሎቬ በምትባል መንደር አቅራቢያ በ1887 የኦስትሮ-ሃንጋሪ ቀያሾች የተከሉት የአውሮፓ እምብርት ምልክት አለ፤ እሱም ለዚሁ ይጠቀሳል። በጥር 2019 ፖሮሼንኮ ከቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የዩክሬንን ቤተ ክርስቲያን ነጻነት የሚያውጅ ቶሞስ የተባለ ደብዳቤ ይዘው መጡ። እኛ በ1959 የራሳችንን ፓትርያርክ ስናገኝ የነበረውን ስሜት የሚያውቅ ይህን ሥነ ሥርዓት እንደ ምርጫ ቅስቀሳ ብቻ አያየውም፤ ቅስቀሳም ነበር። መፈክራቸው «ጦር፣ ቋንቋ፣ እምነት» ነበር። በየካቲት 2019 ፓርላማው በ334 ድምፅ የአውሮፓ ኅብረትንና የኔቶን ጉዞ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። ያ ሁሉ ሆኖ በሚያዝያ ተሸነፉ፤ ወደ 73 በመቶ የሚሆነው ሰው ሌላውን መረጠ።

ሌላው ሰው ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው የወጣው። ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ በሩሲያኛ አፉን የፈታ የክሪቪ ሪህ ከተማ ልጅ ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ በተወነበት ተከታታይ ኮሜዲ ውስጥ አንድ ቦታ ሜርክል ደውላ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናችኋል፣ እንኳን ደስ አላችሁ ትለዋለች። እሱ በደስታ ሲጮኽ ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው፣ ለሞንቴኔግሮ ነበር የደወልኩት ትላለች። ይህች ሳቅ ከብዙ ዲስኩር ይልቅ የዚያን ዘመን ስሜት ይዛለች። ለመወዳደር መነሣቱንም የተናገረው የ2019 አዲስ ዓመት ሊብት ሲል በ1+1 ጣቢያ ላይ ነው፤ የፖሮሼንኮ የመልካም ምኞት ንግግር በዚያ ጣቢያ የታየው ከእሱ በኋላ ነው። ጣቢያው የባለሀብቱ የኮሎሞይስኪ ነበር። የፖሮሼንኮም የራሳቸው ቻናል 5 ነበራቸው። ማን ምን አለ ከማለትዎ በፊት በማን ቤት አለ ብለው ይጠይቁ።

በግንቦት 20 ቀን 2019 በዓለ ሲመቱ ላይ ዜሌንስኪ አውሮፓ እዚያ ሩቅ አይደለችም፣ እዚህ ናት ብሎ ወደ ጭንቅላቱ አመለከተ። በዓለም ላይ ያለነው ዩክሬናውያን 65 ሚሊዮን ነን አለ፤ የተሰደዱትን የልጅ ልጆች ሁሉ ቆጥሮ። ከዚያ ጦርነት ላይ ስለነበረው ስለ ምሥራቁ የዶንባስ ክልል ሲናገር ወደ ሩሲያኛ ተሻገረ። አክራሪው እንደራሴ ኦሌህ ሊያሽኮ ከመቀመጫው ጮኸበት። ዜሌንስኪም ሕዝቡን መከፋፈልዎን ስለቀጠሉ አመሰግናለሁ ብሎ መለሰ። አሁን ይህን ከየካቲት 24 ቀን 2022 ሌሊት ጋር ያስተያዩት። ወረራው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩ በቪዲዮ ወጣ፤ በዩክሬንኛ ጀምሮ ወደ ሩሲያኛ ተሻገረ። አሁን ግን የሚያናግረው የሩሲያን ዜጎች ነው። ቋንቋው ያው፣ አንደበቱ ያው። በ2019 ሩሲያኛው ለ«እኛ» ነበር፣ በ2022 ለ«እናንተ» ሆነ። ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ካስቀመጡ ግማሽ መመረቂያዎ ተጽፏል።

ከወረራው ስድስት ቀን በፊት፣ የካቲት 18፣ በዚያው በሹስተር ስቱዲዮ የሆነውን ሳይመለከቱ አይለፉ። ከተቃዋሚው ወገን እንደራሴው ኔስቶር ሹፍሪች ፑቲን ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ተጠየቀ። ያንን የዩክሬን ባለሥልጣናት ይወስኑ አለ። ጋዜጠኛው ዩሪ ቡቱሶቭ ተነሥቶ ሄዶ በጥፊ መታው፤ ተያያዙ፣ ወለል ላይ ወደቁ። ጥያቄው መረጃ ለማግኘት የተጠየቀ አልነበረም፤ የይለፍ ቃል ነበር። «እኛ» ውስጥ ለመግባት የሚጠየቀው ቃል እንዲህ ጠቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአንድ ዓይነት ሚዛን እንዳይመዝኑት። ወረራው በጀመረበት ሰሞን ትልልቆቹ ጣቢያዎች ተጣምረው «የተባበሩ ዜናዎች» የሚባለውን የጋራ ሥርጭት ጀመሩ። የፖሮሼንኮ ወገን የሚባሉ ጣቢያዎች በሚያዝያ ከዲጂታሉ ሥርጭት ተቆረጡ። ሩሲያን ይደግፋሉ የተባሉት የፖለቲከኛው የሜድቬድቹክ ወገን ጣቢያዎች በየካቲት 2021 ነው በማዕቀብ የተዘጉት። ክርክር የነበረበትን ዘመን ክርክር ከሌለበት ዘመን ጋር ሲያነጻጽሩ የሰዎቹ ሐሳብ ተለወጠ ወይስ መድረኩ ጠበበ የሚለውን መለየት አለብዎት። እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ የመድረኩ መጥበብ ግን በውጭ ጽሑፎች ከሚገባው በታች ነው የሚነሣው።

የንግግሩ አቅጣጫ የዞረው መጋቢት 1 ቀን 2022 ነው። የአባልነት ማመልከቻው በተፈረመ ማግስት ዜሌንስኪ ለአውሮፓ ፓርላማ በቪዲዮ ተናገረ። ቢያንስ እንደ እናንተው መሆናችንን አሳይተናል፣ አሁን እናንተ ከእኛ ጋር መሆናችሁን አሳዩ፣ በእውነት አውሮፓውያን መሆናችሁን አሳዩ አለ። እንግሊዝኛ አስተርጓሚው ድምፁ ተንቀጥቅጦ ተቋረጠ። ሠላሳ ዓመት «እኛ አውሮፓ ነን ወይ?» ሲሉ የኖሩ ሰዎች ጥያቄውን አንሥተው ለጠያቂው መለሱለት። ከዚያ በየፓርላማው ሲዞር ለእያንዳንዱ በራሱ ትዝታ ነው የተናገረው፤ ለእንግሊዞች ቸርችልን፣ ለአሜሪካ ፐርል ሃርበርን፣ ለጀርመን የበርሊንን ግንብ። መጋቢት 20 ለእስራኤል ኪየቭ የተወለዱትን የቀድሞዋን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየርን ጠቅሶ የአይሁዶችን እልቂት ከራሱ ጦርነት ጋር ሲያስተያይ ግን ብዙዎች ተቆጡ፤ እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ታስታውሱታላችሁ። የሰው ትዝታ ተበድሮ «እኛ» ማለት ገደብ እንዳለው የታየበት ቀን ነው።

ለአፍሪካ የመረጡት ቃል ቅኝ ግዛት ነው። በሰኔ 2022 ዜሌንስኪ ለአፍሪካ ኅብረት በዝግ በቪዲዮ ተናገረ። በነሐሴ «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 23,000 ቶን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ጅቡቲ ደረሰች። በግንቦት 2023 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ድሚትሮ ኩሌባ አዲስ አበባ መጥተው ገለልተኝነት መልስ አይደለም አሉ። እኛም በንጉሠ ነገሥታዊ ኃይል ሥር ነበርን፣ እናንተ ትረዱናላችሁ የሚለው ነገር እኛ ዘንድ ብዙም አልያዘም። በመጋቢት 2022ቱ የተባበሩት መንግሥታት ድምፅ አሰጣጥ ኢትዮጵያ አልተገኘችም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ባልቻ ሆስፒታልን «የራሺያ ሆስፒታል» የሚል፣ ኪየቭ የተማረውንም «ራሺያ የተማረ» የሚል ልማድ ነው። ያንን ልማድ ካቆዩት አንዱ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሥራውን በአንድ ክፍል ይጀምሩት። ከ2008 አንድ የአርብ ማታ ክርክር ይምረጡ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ። የትርጉም ጽሑፉን ያጥፉት። አንዴ «እኛ»ን ብቻ እየሰሙ ይዩት፣ አንዴ ቋንቋ የሚቀየርበትን ደቂቃ እየጻፉ፣ አንዴ ደግሞ ድምፁን ዘግተው ከፊቱ ሥር ያለውን መስመር ብቻ እየተከተሉ። ሩሲያኛውን ከዩክሬንኛው መለየት ከከበደዎት የሁለቱን ቋንቋ «እና» ያድምጡ፤ ሩሲያኛው «ኢ» ነው የሚለው፣ ዩክሬንኛው ግን «ኢ»ም «ታ»ም ይላል፤ ለ«እና» «ታ» ከሰሙ ዩክሬንኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ግልባጭ ሲጨርሱ እዚሁ ይለጥፉት፤ «ና»ዎቹን አብረን እንቆጥራለን።